ከተዝካሩ ሳይቀምስ የሄደው ግመል ነጂ

ነገሩ የሆነው ካቻምና በታኅሣሥ ነው። አደጋ መምጣቱን ያወቅሁት ሣሩ ላምባ ላምባ ሲሸተኝ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ደረቅ ሣር የተሸከመ ሰው በደጄ ሲያልፍ በሬን እዘጋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ፍርሃቴ አይደለም። ልጄን ከእሳት ያወጣውን ሰው ከተማችን ላክብርህ ብላ ጠርታ፣ አሳፍራ ስለሰደደችው ነው። ፊደል የቆጠርሁት በልጅነቴ ከቄስ ዘንድ ጥቂት ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሠኝ።

እኔ አዳማ ገበያ ጥጥና ፈትል እሸጣለሁ። ባለቤቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። ያን ሰሞን ለሥራ ወደ አዋሽ ወርዶ ነበር። ቤት የነበርነው እኔና ልጄ አስካለ ብቻ ነን። የወተት ጥርሷን ገና መንቀሏ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ሽፍታ ከሹሞች ተጣልቶ ዱር ገብቷል ይባል ነበር። «አዳማ ገበያ ወጥቶ ቀረጥ የሚከፍል ሁሉ የሹሙ ሰው ነው፤ ገበያችሁን በላያችሁ ላይ አነደዋለሁ» ብሎ ልኳል እየተባለ ይወራል። ሰው ሰማ፣ ፈራም። ግን ገበያ ሳይወጣ ምን ሊበላ ነው? እኔም አስካለን ይዤ ወጣሁ።

ረፋዱ ላይ ጥቂት ሣር ሻጮች መጡና ሸክማቸውን ከእኛ ዳስ ሥር ከመሩት። የጥጥና የሸማ ተራው ሁሉ ሣር ክዳን ዳስ ነው፤ አንዱ ካንዱ የተያያዘ።

«ወንድሜ፣ የሣር ተራ እኮ ወዲያ ማዶ ነው» አልሁት አንዱን።

ሸክሙን ማራገፉን ቀጠለ። ጥጤን ላሸሽ ጎንበስ ስል ሸተተኝ።

«ሣርህ ላምባ ላምባ ይሸታል!» ስለው ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ ወደ ጓደኛው አየ።  የገበያው ዘበኛ ወልዴ እዚያው ቆሞ ስለነበር ጮኼ ጠራሁት።

«ወልዴ! ና እስቲ ይህን ሣር አሽትልኝ!»

«ምነው፣ በሬ መሰልሁሽ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወልዴ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሁልጊዜም ያስቅ ነበር። ሳቁ ሳያልቅ እሳቱ ተነሣ።

የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክዳኑ በአንድ ትንፋሽ ተያያዘ። ሕዝቡ ወደ ግራሩ ሲሮጥ ደግሞ ከዚያ በኩል ተኩስ ተከፈተ። ሰው ከእሳት ወደ ጥይት፣ ከጥይት ወደ እሳት ተመላለሰ። አስካለ ከጥጡ ክምር ኋላ ነበረች። እጄን ስዘረጋ ሰው ገፋኝ፣ ወደቅሁ፣ ተረገጥሁ። ስነሣ ራሴን ከዳሱ ውጭ አገኘሁት፤ ልጄ የለችም። ልገባ ስል ሁለት ሴቶች ወገቤን ያዙኝ። ነከስኋቸው መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው ሰይድን ያየሁት። የወሎ ሰው ነው፤ ወደ አፋር በረሃ ጭነት የሚያመላልስ ግመል ነጂ። ገበያው ዳር ግመሎቹን አንበርክኮ ሊጭን ነበር። ለመንገዱ የሞላውን የውሃ ስልቻ በጩቤ ቀደደና ውሃውን በራሱና ከግመል ጀርባ በሚነጠፈው ወፍራም ምንጣፍ ላይ አፈሰሰው። የበረሃ መንገደኛ ውሃውን ሲያፈስስ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ነው ያሰብሁት።

«ስሟ ማን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

«አስካለ!»

ምንጣፉን ተከናንቦ «አስካለ! አስካለ!» እያለ ገባ።

መጀመሪያ ይዞ የወጣው በገበያው በር ላይ የምትለምነውን ዓይነ ስውር አሮጊት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳያት አለቀስሁ። እሱ ግን ቆሞ አልተነፈሰም፤ ተመልሶ ገባ። ሲወጣ ምንጣፉ ይጨሳል። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ እግሮች ተንጠልጥለዋል።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

ፀጉሯ ተቃጥሏል፣ አንድ ጆሮዋ ቆስሏል፣ ግን ትስላለች። መሳሏን ስሰማ መሬቱን ሳምሁት። ቀና ስል ሰይድ የለም፤ እንደገና ገብቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ያወጣው ሰው አልተረፈም። የእሱም እጆች ያን ቀን ተልጠው ቀሩ።

የሐዲድ ሠራተኞችም በባልዲ ውሃ እየተቀባበሉ ብዙ ደክመዋል፤ ከእነሱም የሞተ አለ። የክርስቲያኖቹ ሬሳ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ እስላሞቹም የራሳቸውን በዚያው ቀን ቀበሩ። ሽፍታው ሳይያዝ ቀረ። ከተማው ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን የሚዘጋ ሆነ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሙታኑ አርባ ደረሰ። ባላምባራሱ፣ የከተማችን ሹም፣ «ተዝካሩ የሁላችን ይሁን፤ ለሞቱት እንጸልይ፣ ያዳኑትንም በሰው ፊት እናክብር» አሉ። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሰው እንደ አቅሙ አዋጣ፣ ትልቅ ዳስ ተጣለ፣ በሬ መጣ። ከመሐል አንድ ወይፈን ለእስላሞቹ ተብሎ ተለየ። የእኛ ሰው ያረደውን እነሱ አይበሉም፣ የእነሱንም እኛ አንበላም። ይህን የማያውቅ ሰው በአዳማ የለም። በሠርግም በለቅሶም እነሱ የሚበሉት በእነሱ ሰው እጅ ይታረዳል።

ሰይድ እጁ እስኪጠግግ ድረስ አንድ የአርሲ ነጋዴ ቤት ተቀምጦ ነበር። ገመድ መያዝ ስለ ጀመረ፣ በዚያው ቀን ከተዝካሩ በኋላ ሊጭን ጓደኞቹ ግመሎቹን አዘጋጅተዋል። እኔም የአስካለን ቁስል እያጠብሁ ከቤት ሳልወጣ ስለ ቆየሁ፣ ያን ቀን በሰው ፊት እግሩን እስማለሁ ብዬ አስቤ አስካለን ነጭ አልብሼ ሄድሁ።

ወጥ ወደሚሠራበት ጓዳ ስገባ ሴቶቹ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ወይፈኑን አረዱት» አለችኝ አንዷ በሹክሹክታ።

«የቱን?»

«የእስላሞቹን! ልጆቹ ሲጣደፉ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ በስመ አብ ብለው አረዱት። የእነሱ አራጅ መጥቶ ቆዳውን አይቶ ተመለሰ።»

«ታዲያ ለባላምባራሱ ንገሯቸዋ!»

«አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ማንም አልነገራቸውም። አንዱ ሌላው ይነግራል ብሎ ተቀመጠ። እኔም ልወጣ ስል ፍትሐቱ ተጀምሮ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ሴት ሆኜ በካህናት መሐል እንዴት ልለፍ? እስላሞቹ ነገሩን ሰምተዋል። ዝም ብለው በዳቦና በውሃ ተቀመጡ። ለቅሶ ያለበትን ቤት ላለማስቀየም ነው። እንዲህ ሆኖ ቢያልቅ እኮ ደግ ነበር።

ባላምባራሱ ተነሥተው የሞቱትን አነሡ፤ ሰው አለቀሰ። ቀጥለው «እሳት ውስጥ የገባው ወንድ ይምጣ!» ብለው ሰይድን ጠሩት። ሻኛውን ቆረጡና በገዛ እጃቸው ሰጡት። ሻኛ ለጀግና የሚሰጥ ሥጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ክብር የለንም።

ሰይድ ተቀበለ። እንዴት አይቀበል? በዚያ በተሸበሸበ እጁ ሥጋውን ይዞ ቆመ። ሰው እልል አለና ሲጎርስ ለማየት አንገቱን አሰገገ። 

«ጌታዬ» አለ ሰይድ ዝቅ ብሎ፣ «እጄን አክብረውልኛል፤ አፌን ይማሩኝ።»

ገበታው ላይ በቀስታ አስቀመጠውና እጅ ነሣ።

ባላምባራሱ ነገሩ አልገባቸውም፤ ፊታቸው ቀላ። ያን ጊዜ ወልዴ፣ ያ ዘበኛ፣ ጠጅ ጠጥቶ ስለነበር ከኋላ ተነሣ።

«የሙታናችንን ማዕድ የሚጸየፍ ሰው እሱ ማን ነው? ሣር ሻጮቹስ ከወዲያ ከበረሃው አይደል የመጡት? ማን ያውቃል!»

አንዳንዱ «ኧረ ተው!» አለ። አንዳንዱ ግን አጉረመረመ። የፈራ ከተማ ሰውን ለመጠርጠር ጊዜ አይፈጅበትም። ሰይድ ወልዴን አየውና ከዳሱ ወጣ። ጓደኞቹም ተነሥተው ተከተሉት።

«ልጄን ያወጣት እሱ ነው! ወይፈኑን ያጠፋነው እኛ ነን!» ብዬ ጮህሁ። ግን አልቃሾቹ ሙሾ ቀጥለው ነበርና ድምፄ ከእነሱ ጋር ተደባለቀ። ሰው ሐዘን የባሰብኝ መስሎት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለ ነጠላዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ሰው እየጮኸ የማይሰማበት ቀን አለ ለካ።

በኋላ ባላምባራሱ ነገሩን ሲሰሙ «ምነው አዋረዳችሁኝ!» ብለው ዘንጋቸውን ወረወሩ። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ጌታዬ፣ ሰው ይላኩና ይመልሱት።»

«ነገ ይላካል፣ እመቤት። ዛሬ ሰው ሁሉ ሰክሯል፤ መንገዱም አያስተማምንም።»

ነገ እስኪነጋ ግመል ቆሞ ይጠብቃል እንዴ? ያ ሰው ልጄን አውጥቶ፣ እኔ ሳላመሰግነው፣ በላዩ ላይ ሽፍታ ተብሎ ሊሄድ ነው። ይህን ይዤ እንዴት አድራለሁ?

ለፋሲካ የማሰባው አንድ ሙክት ነበረኝ። ፈታሁት። ባለቤቴ ዳግም ወደ አዋሽ ወርዶ ነበር፤ ጎረቤቴ ኦቦ ገመዳ ግን አህያ አላቸው። ክርስቲያንም እስላምም አይደሉም፤ በአባቶቻቸው እምነት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከተዝካሩ ጠግበው ገና መምጣታቸው ነበር።

«ግመሎቹ ወደሚያድሩበት ወደ ወለንጪቲ ይሸኙኝ» አልኋቸው።

«በዚህ መንገድ? ልጅ ይዘሽ? በግ ይዘሽ? ሽፍታው ቢያገኘን እኮ በጉን ለራሱ ጠብሶ እኛን ለጅብ ይሰጠናል» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ግን አህያውን ጫኑት። አስካለን አስቀመጥናትና የግመሎቹን ዱካ ይዘን ወጣን።

ግማሽ መንገድ ያህል እንደ ሄድን ከፊታችን አቧራ ታየ። አቧራው ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ።

«ፈረሰኞች ናቸው» አሉ። ሳቃቸው ጠፋ።

ወደ አንድ ደረቅ ፈፋ ወረድን። አህያውን አስተኙት። እኔ አስካለን ከደረቴ ሥር አድርጌ የበጉን አፍ በነጠላዬ ያዝሁ። የፈረሶቹ ኮቴ ደረቴን ሲመታው ይሰማኛል። አስካለ «እማዬ፣ ያ ሣር ይሸተኛል» አለችኝ። ምንም አይሸትም ነበር። አፏን በእጄ ሸፈንሁት። «ሂን ሶዳቲን» አሏት ኦቦ ገመዳ በኦሮምኛ፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው። 

ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከላያችን አለፉ። የሽፍታው ሰዎች ይሁኑ የሹም ሰዎች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲርቁ እጄን ከበጉ አፍ ላይ ማላቀቅ አቅቶኝ ኦቦ ገመዳ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈቱልኝ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ወለንጪቲ ዳር ግመሎቹ አርፈው አገኘናቸው። ሰይድ ገና ከሩቅ አስካለን አውቆ ሮጠ።

«እትዬ፣ አብደሻል እንዴ? በዚህ መንገድ!»

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። የአስካለን ጆሮ ዞር አድርጎ አየ። «ማሻአላህ፣ ድኗል። ትሰሚኛለሽ አንቺ?» አላት። «እሰማለሁ» አለችው። «እንግዲያው እናትሽን ከእንግዲህ በግ አስይዘሽ በበረሃ አታዙሪ» አላትና ሁላችንም ሳቅን።

«ሰይድ፣ ይህን በግ በገዛ እጅህ እረደው» አልሁት። «የዛሬው ነገር ተንኮል አይደለም፤ ለእናንተ የተለየውን ወይፈን ልጆች በጥድፊያ አበላሽተውት ነው።»

«አውቀናል እኮ። ለዚያም ነው ዝም ያልን።»

«ባላምባራሱ አዝነዋል። ነገ አብረን እንመለስና በሰው ፊት…»

 በጉን በእጁ ዳሰሰው።

«እትዬ፣ እሳቱ ውስጥ ስገባ ሰው ይየኝ አይየኝ አላልሁም። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የወጣሁት። ሽፍታ ነው ያለኝ ሰው ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። ዝም ያለው ነው የከበደኝ።»

 እዚያ ከነበሩት አንዷ እኔ ነኝ። ጮኼ ነበር ብዬ ብነግረው ምን ያደርግለታል? አልተሰማሁም።

በጉን አረደው። እነሱ በሉ። እኔና አስካለ ልንበላ አንችልምና ከጎናቸው ተቀምጠን ያመጣሁትን ቆሎ ቆረጠምን፤ እነሱም ከቆሎው ዘገኑ። ኦቦ ገመዳ ብቻ ከተዝካሩም ከዚህኛውም በሉ። «እናንተ ስትለያዩ እኔ ሁለት ጊዜ እጠግባለሁ» ብለው ግመል ነጂዎቹን አሳቋቸው። ሰይድም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ክብሩ በግመልና በግራር ፊት ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሽፍታ ሲባል ሰምቶ፣ ይህን የሚያይ ግን እኔና ሽማግሌው ብቻ ነን።

ከእነሱ ጋር አደርን። ሲነጋ በእግር እንድመለስ አልፈቀደም፤ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። የሐዲድ ሠራተኛ ሚስት መሆኔን ስለሚያውቁ አሳፈሩን። ኦቦ ገመዳ አህያቸውን ይዘው ከገበያተኛ ጋር ተመለሱ። ባቡሩ ሲያፏጭ ግመሎቹ ደነገጡ፤ ሰይድ ሊያረጋጋቸው ዞረ። በመስኮት ተጣራሁ፤ አልሰማኝም።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። የአርሲው ነጋዴም ወሬውን አያውቅም። በሙት ዓመቱ ድግስ ወይፈኑ ተለይቶ፣ አራጁ በጠዋት ተጠርቶ፣ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ሆነ። ወልዴም ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ማንን ይጠይቃል? የሰይድ ቦታ ባዶ ነበር። ባላምባራሱ ሻኛውን ለማንም ሳይሰጡ ቀሩ። እኔም ይህን ያነበበ ሁሉ ስሙን ይስማልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ሽፍታ አልነበረም። ልጄን ከእሳት ያወጣት እሱ ነው።

ያን ቀን ባቡሩ አዳማ ሲደርስ አስካለ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። አዝያት ወረድሁ። በገበያው በኩል ሳላይ አለፍሁና ቤቴን ከፍቼ ገባሁ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀርሁት። ደኅና ገባን። ዛሬም ደኅና ነን። እሱ ግን አገሩ በደኅና ይግባ አይግባ አላውቅም።